በቀንድ የተጓዘው ሽቶ፦ የዝባድ፣ የጥርኝና የነጋዴ አባቶቻችን ታሪክ



ባለፈው ወር አንድ ጁሙዓ፣ እዚህ ሳሪስ አቦ ከሶላት ስንወጣ፣ በር ላይ ሽቶ የሚዘረጋውን ወንድማችንን ጎረምሶች ከበውት ነበር። ትንንሽ ብልቃጦቹን በትሪ ደርድሮ "ሚስክ ነው፣ ኦርጅናል ሚስክ!" ይላል። እኛንም ሲያየን "ኡስታዝ፣ እስቲ ያሽትቱት" ብሎ እጃችን ላይ ቀባን። ጥሩ ይሸታል። ከጎናችን የቆሙ ከሊሙ የመጡ አንድ ሐጂ ግን አፍንጫቸውን አስጠግተው ፈገግ አሉና "ልጄ፣ ይሄ ሚስክን በዓይኑም አላየው። ሳሙና ነው። ሽቶ ማየት ከፈለጋችሁ እኔ አሳያችኋለሁ" አሉን።

በሳምንቱ በፌስታል የተጠቀለለ የበሬ ቀንድ ይዘው መጡ። አፉ በቆዳ ታስሯል። ሲፈቱት ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸን። ሐጂ ሳቁብን። "ዝባድ ነው። የአባቴ ነው። ቀንዱ ውስጥ የቀረችው ይህቺው ናት" አሉ።

የዛሬው ጽሑፋችን ከዚያች ቀንድ የተነሳ ነው። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።

ዝባድ የሚገኘው ጥርኝ ከምትባለው እንስሳ ነው። ብዙ ሰው ድመት ይላታል፤ ድመት አይደለችም፣ የራሷ ዘር ያላት የሌሊት እንስሳ ናት። ጅራቷ ሥር ባለ ከረጢት ውስጥ ቅባት ታከማቻለች፣ በዱር ስትኖር በዚያ ቅባት ድንጋይና ግንድ እያሸች ክልሏን ታሳውቅበታለች። ዐረቦች ቅባቱን "ዘባድ" አሉት፤ የእኛ "ዝባድ"ም፣ ፈረንጆቹ እንስሳዋን የሚጠሩበት "ሲቬት" የሚለው ስምም ከዚሁ ቃል የወጡ ናቸው። ፓሪስ ያለው ሽቶ ቀማሚ ሳያውቀው የዐረብኛ ቃል ይናገራል ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ሥራ ለብዙ መቶ ዓመታት በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ የቆየ ነው። ይህን የምንለው ለጉራ አይደለም፤ ከውጭ የመጡት ሰዎች ጽፈውታል።

በ1699 ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ተነስቶ ጎንደር ገባ። ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም ነበር የተጠራው። ከካይሮ ያመጣው ማን ይመስላችኋል? ሐጂ ዐሊ የሚባል ሙስሊም ነጋዴ ነው። ንጉሡ የውጭ ጉዳዩን በነጋዴዎቻችን በኩል ይፈጽም ነበርና። ይህ ፖንሴ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለችውን እንፍራዝን አይቶ ስለ እሷ ሁለት ነገር መዝግቧል። አንደኛ፣ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ የሚፈጽሙባትና ቤታቸው ከክርስቲያኑ ቤት ጋር ተቀላቅሎ የሚገኝባት ከተማ መሆኗን። እዚያው ጎንደር ላይ ግን በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በወጣው ትእዛዝ ሙስሊሙ ተለይቶ በሌላ ሰፈር እንዲኖር ተደርጎ ነበር። ሁለተኛ፣ በእንፍራዝ ጥርኝ በብዛት እንደሚረባና አንዳንዱ ነጋዴ እስከ 300 ጥርኝ ድረስ እንደነበረው። በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ በቀሩት ቀናት ደግሞ በወተት የተሠራ ገንፎ መሳይ ምግብ ያበሏቸዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ቅባቱን ጠርገው ያወጡና በበሬ ቀንድ ውስጥ አድርገው አፉን አጥብቀው ይደፍኑታል።

ይህን ለሐጂ ስናነብላቸው ገረማቸው። "ከሦስት መቶ ዓመት በፊት? እኛም እኮ እንደዚሁ ነበር የምናደርገው" አሉ። እሳቸው ቤት ምግቡ የበቆሎ ገንፎ፣ ሥጋና ሲገኝም እንቁላል ነበር። ቅባቱ የሚጠረገውም በዘጠኝ በአሥር ቀን ነው። ቀንዱ ግን ያው ቀንድ ነው።

ለምን ቀንድ? ዝባድ ለአየር ሲጋለጥ ይጠቁራል፣ ይደርቃል። ሸክላ በበቅሎ ጀርባ ላይ ይሰበራል፣ ቆዳ ቅባቱን ይመጣል። ቀንድ ግን አይሰበርም፣ አይመጥም፣ በየቤቱ ይገኛል።

ለምንስ ዝባድ? የካርታውን ነገር ካሰባችሁት ግልጽ ነው። ዋናው የዝባድ አገር ከጊቤ ማዶ ነው፦ እናርያ፣ ሊሙ፣ ጅማ፣ ጌራ፣ ጎማ፣ ኢሉባቦር። ከዚያ እስከ ምጽዋ የወራት መንገድ ነው። እህል ጭኖ ይህን መንገድ የሚሄድ ነጋዴ፣ በቅሎዋ የምትበላው ብቻ ያከስረዋል። ለዚህ መንገድ ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ የሆነ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ማለት ነው። (አሳዛኙን እውነት አንደብቅም፤ በዚያው መንገድ የሰው ልጅም በባርነት ተነድቷል፣ ነጂዎቹም ከእኛው ነጋዴዎች ነበሩበት።) ጀበርቲ ነጋዴዎች ከሊሙ እናርያዋ የሰቃ ገበያ ተነስተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ በጎጃም የባሶ ገበያ አድርገው ጎንደር ይገባሉ፣ ከዚያ ወደ ምጽዋ ይወርዳሉ። በሊሙ እናርያ ከ1825 እስከ 1861 የገዙት አባ ባጊቦ በነበሩበት ዘመን ሰቃ ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚሰበሰብባት ገበያ ነበረች። እስልምናም በአምስቱ የጊቤ መንግሥታት የተስፋፋው በአብዛኛው እነዚሁ ነጋዴዎች በሄዱበት መንገድ ነው። ቀንዱ ወደ ሰሜን ሲወጣ ኪታቡ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር ማለት ይቻላል።

ቀንዱ ከምጽዋም ወዲያ ማዶ ሄዷል። ይህቺን ታሪክ ስናነብ ሳቅ አምልጦናል። አፄ ፋሲለደስ በሕንድ ለነገሠው ለሱልጣን አውረንግዜብ መልእክተኞች ላኩ። አንዱ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ፣ ሌላው ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ከስጦታዎቹ መካከል አፉ ከግማሽ ጫማ በላይ የሚሰፋ፣ ዝባድ የሞላበት ግዙፍ የበሬ ቀንድ ይገኝበታል። መልእክተኞቹ የሕንዷ ወደብ ሱራት ሲደርሱ ከተማዋ በ1664 በሺቫጂ ጦር ተዘረፈችና የእነሱም ንብረት አብሮ ጠፋ። ዴልሂ የደረሰው ባዶው ቀንድ ነው! በቦታው የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም በርኒየ ነው ይህን የጻፈልን። አውረንግዜብ ግን አልናቃቸውም። ስጦታ ሰጥቶ አከበራቸው፣ በሐበሻ ምድር ለፈረሰ አንድ መስጂድ ማሠሪያም 2000 ሩጵያ መደበ። እስቲ አስቡት፣ የክርስቲያን ንጉሥ መልእክተኞች ባዶ የዝባድ ቀንድ ይዘው ሄደው የመስጂድ ማሠሪያ ይዘው ሲመለሱ።

ፈረንጆቹም በራሳቸው አገር ሞክረዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አምስተርዳም ውስጥ ጥርኝ ይረባ ነበር። ሮቢንሰን ክሩሶን የጻፈው ዳንኤል ዲፎም በ1692 ለንደን ውስጥ 70 ያህል ጥርኞች ገዝቶ ሀብታም ሊሆን አስቦ ነበር፣ ከሰረ። የእኛ አርቢዎች ግን ቀጠሉ፤ አብዛኛው የዓለም ዝባድም ለረጅም ጊዜ ከአገራችን ይወጣ ነበር። በ1889 የወጣው የገርላን ቤት "ዢኪ"፣ በ1921 የወጣው ታዋቂው "ሻኔል ቁጥር 5" ውስጣቸው ዝባድ ነበረበት። የጅማና የኢሉባቦር ገበሬ በጭቃ ጎጆ ውስጥ እሳት እያነደደ የሰበሰባት ቅባት በፓሪስ እመቤቶች አንገት ላይ ትውላለች፤ ስሙ ግን አንድም ጠርሙስ ላይ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ሐጂ ቀንድ እንመለስ። እንሞክረው ተባባልን። ግን እኛ የመስጂድ ሰዎች ነን፤ ተቀብተነው ልንሰግድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የከፈትነው ቀንዱን ሳይሆን ኪታቡን ነው። ደረሳ ሳለን በጦሃራ ምዕራፍ ላይ ይህን ማለፋችን ትዝ አለን። ኢማም ነወዊ (በ676 ሒጅራ ያረፉት) "አል-መጅሙዕ" በተባለው ትልቅ ኪታባቸው ስለ ዝባድ ተናግረዋል። ከእሳቸው በፊት የነበሩ አንዳንድ ዑለማኦች የባሕር እንስሳ ወተት ነው ብለው ያስቡ ነበር፤ እንስሳዋን አላዩአትማ። ነወዊ የታወቀው የየብስ እንስሳ መሆኗ ነው ይሉና ዝባዱ ንጹሕ ነው፣ ሽያጩም ትክክል ነው ብለው ይወስናሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አላቸው፦ ፀጉሯ ብዙ ጊዜ ስለሚገባበት ከፀጉሩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ ሥጋው የማይበላ እንስሳ ፀጉር ከአካሉ ሲለይ በመዝሀቡ በጠነከረው አቋም ነጃሳ ነውና። ሱብሓነላህ! ከደማስቆ ሆነው ሊሙ ያለችውን ቀንድ ያዩ ይመስላል። እኛም በስንጥር ስናወጣው ሁለት ፀጉር አገኘንና አስወገድን።

ሐጂ እንዳስተማሩን የስንዴ ፍሬ ግማሽ የምታህል ወስደን በሰሊጥ ዘይት አሟሟናት። ለማነጻጸር ሁለት ሽቶ ጨመርን። አንዱ ከበር ላይ የተገዛው "ሚስክ" ነው። ሌላው ካናዳ ቶሮንቶ ያለ ወንድማችን የላከልን ናሙና ነው። "ዙሎጂስት" የሚባል የዚያው ከተማ ትንሽ የሽቶ ቤት በእንስሳት ስም ሽቶ ያወጣል፣ በ2016 ደግሞ በጥርኝ ስም አንድ አውጥቷል፤ ከእንስሳ የተወሰደ ነገር ግን አይጠቀምም፣ የዝባዱን ጠረን በኬሚስትሪ ነው የሚሠራው። ውዱእ እንዳያጥባቸው ከክርናችን በላይ ቀባን፤ ዝባዱን ግራ፣ የቶሮንቶውን ቀኝ። ሚስኩን የጥምጣማችን ጫፍ ላይ አደረግነው። እሑድ፣ ከዙህር በኋላ።

ሚስኩ በአንድ ቃል ያልቃል። ጣፋጭና ንጹሕ ነው፣ የታጠበ ልብስ ይሸታል። ዐስር ላይም ያው፣ መግሪብ ላይም ያው፣ ብቻ እየሳሳ ሄደ። ሐጂ ሳሙና ነው ያሉት እውነታቸውን ነው፤ "ነጭ ሚስክ" የሚባለው በፋብሪካ የሚሠራ ሲሆን የልብስ ሳሙናዎች ውስጥም የሚገባው የዚሁ ወገን ነው። እውነተኛው ሚስክ ከሂማላያ አካባቢ ከምትኖር የሚዳቋ መሰል እንስሳ ነው የሚገኘው፣ በብልቃጥ ተቀድቶ መንገድ ላይ የሚሸጥ ዋጋ የለውም። ለሻጩ ወንድማችንም ይህንኑ ነግረነዋል። ሽቶው ሐላል ነው፣ ስሙን ግን "የሚስክ ዓይነት" በለው።

የቶሮንቶው መጀመሪያ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ፣ ከሥሩ ቁንዶ በርበሬ ሆኖ ተነሳ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጣጩ ጠፋና አበባ መጣ፤ የበዛ፣ የሠርግ ቤት ዓይነት። ዐስር ልንሰግድ ስንል ግን ቡና ሸተተን። ቡና! ሠሪዎቹ ራሳቸው ቡና እንዳለበት ይናገራሉ። ጥርኝና ቡና የአንድ አገር ልጆች ናቸው፣ በአንድ ጫካ ያድራሉ፤ የቶሮንቶው ሰው ይህን አውቆ ያድርገው ሳያውቅ አላህ ይወቅ። መግሪብ ላይ እንጨትና ቫኒላ ቀረ፣ በዒሻእ ቆዳ ላይ ካልተጠጉ አይሰማም።

ዝባዱ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ጋጣ ነው፣ ሽንት ነው፣ አሮጌ ቅቤም አለበት። ሙአዚናችን ሰላምታ ሊሰጠን መጥቶ እጁን ሰበሰበ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ስለቱ ተሰበረ። ዐስር ላይ የማርና የእርጥብ ቆዳ ሽታ ሆነ። መግሪብ ላይ፣ ሱጁድ ስንወርድ ክንዳችን ወደ ፊታችን ሲቀርብ፣ የተኛ ሕፃን ጭንቅላት ላይ ያለውን ዓይነት ሞቃት ጠረን ሰጠን፣ ከኋላው አበባ መሳይ ነገር ይዞ። በሱብሒ ተነስተን ስናሸት አሁንም አለ።

ምክንያቱን ኬሚስቶች ደርሰውበታል። በሽቶ ውስጥ ቀላሎቹ ነገሮች ቶሎ ይተናሉ፣ ከባዶቹ ይቆያሉ። የሎሚ ልጣጭ የሚበርረው፣ እንጨት የሚቀረው ለዚህ ነው። የዝባድ ዋና ጠረን ሲቬቶን ይባላል፤ 17 የካርቦን አተሞች በቀለበት ተያይዘው የሚሠሩት ነው። በስዊዘርላንድ የሚሠራው ሊዮፖልድ ሩዢችካ ይህን ቅርጽ በ1926 ሲገልጽ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ቀለበት በተፈጥሮ ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ እሱ ነው። ይህ ከባድ ቀለበት ራሱ ከመቆየቱም በላይ ሌሎቹን ሽታዎች ይዞ ያቆያል፤ ሽቶ ቀማሚዎች ዝባድን የፈለጉት በብዛት ለዚህ ነው።

ያን ዕለት በመግሪብና በዒሻእ መካከል ለሐጂ ያሸተትነውን ሁሉ ነገርናቸው። ጋጣው፣ ማሩ፣ ሕፃኑ። ቅቤው ላይ ስንደርስ ዝም አሉ። ቆይተው "ልጆቼ፣ ያ ቅቤ ዝባድ አይደለም። ቅቤ ነው" አሉን።

አባታቸው ሰባት ወንድ ጥርኞች ነበሯቸው። ሐጂ በልጅነታቸው ጥርኞቹ ባሉበት ጨለማ ጎጆ እያደሩ እሳት እንዳይጠፋ ይጠብቁ ነበር፤ ሙቀት ሲኖር ቅባቱ ይበዛል ይባላል። እንስሳው መዞር እንኳ በማይችልበት የእንጨት ማደሪያ ነው የሚኖረው። ሲጠረግ ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን በእንጨቶቹ መካከል ስበው ይይዙታል። "ይጮኻል። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ" አሉ። ነጋዴው ግን በሚዛን ነው የሚገዛው፣ ዋጋውንም እሱ ነው የሚቆርጠው። አባታቸውም ቅቤ ይጨምሩበት ነበር፤ በኋላ በኋላ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የሚቀላቅሉት ሐጂ ራሳቸው ሆኑ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት መብት ተቆርቋሪዎች የኢትዮጵያን የጥርኝ አያያዝ ለዓለም ሲያጋልጡ፣ ሻኔልን የመሳሰሉ ቤቶች በፋብሪካ ወደሚሠራው መዞራቸውን አስታወቁ። ያኔ አንዳንዱ ሰው "ፈረንጅ እንጀራችንን ዘጋ" ብሎ ነበር። እኛ ስለ ማደሪያው ተቆርቋሪዎቹ ልክ ናቸው እንላለን። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት የተላለፈውን ሐዲሥ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ዑለማኦች ከዚህ ተነስተው የሚያበላና የሚንከባከብ ሰው እንስሳ ቢይዝ ይፈቀድለታል ብለዋል፤ መዞር በማይችልበት ማደሪያ ዕድሜ ልኩን ማኖር ግን ከመንከባከብ አይቆጠርም። የገበሬው ጥያቄም እውነት ነው፦ ፓሪስ መቶ ዓመት ተጠቅማ በአንድ ቀን ስትተወው፣ ማደሪያውን ለማስፋት እንኳ ለሊሙ ሰው ምን ሰጠችው?

ሐጂ የጠየቁን ግን ይህን አልነበረም። "የቅቤው ገንዘብ ሐራም አይደለም ወይ?" ነው ያሉን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ከተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ሥሩን እርጥብ ሲያገኙት ሻጩን ምን እንዳሉት ያውቃሉ፣ ራሳቸው ናቸው ያስታወሱን። ገዢዎቹ ደግሞ ሞተዋል፣ ያሉትም የት እንዳሉ አይታወቅም። የእኛ ደረጃ ስላልሆነ ጥያቄውን ወደ ኢማማችን ወሰድነው። ኢማማችንም ባለቤቱ ወይም ወራሹ የሚታወቀውን ፈልጎ መመለስ፣ የማይታወቀውን ገምቶ በባለቤቱ ስም ሶደቃ መስጠት ነው አሉ፤ ስለ አባታቸው ደግሞ ዱዓእና ኢስቲግፋር።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ሐጂ የልጅ ልጃቸውን ደብተር ይዘው መስጂድ ውስጥ ተቀምጠው አገኘናቸው። እስክሪብቶውን ልጁ ይዟል፣ እሳቸው ይቆጥራሉ። በዓመት ስንት ቀንድ፣ በቀንድ ስንት ስኒ ቅቤ፣ ስንት ዓመት። አጋሮ ላይ የሸጡበት ዓመት ላይ ደርሰው ቆሙና የገዢውን ስም ለማስታወስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጁም ስሙን እስኪሉለት መስመሩን ባዶ ትቶ ይጠብቃል።